ቀጠሮ የተሰጠው ባለ ወፍጮ

ምእመናን፣ ዛሬ የቆምኩት ስለ ትዕግሥት ልነግራችሁ ነው። አውቃለሁ፣ ገና ከአሁኑ «ቶሎ በጨረሰልን» እያላችሁ ነው። አንተ ከኋላ ሰዓትህን ያየኸው ወንድሜ፣ አይቼሃለሁ። ግድ የለም፣ ትምህርቱን አቆየውና መጀመሪያ ከአንድ ሰው ጋር ላስተዋውቃችሁ።

አንድ ሰው ነበረ። ባለ ወፍጮ ነው። ስሙን አንማው እንበለው። እውነተኛ ስሙን እንዳልጠራ ዘመዶቹ እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል፤ ከዚህ ስወርድ የሚጠብቀኝ አይጠፋም። በጎጃም፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ የእህል ወፍጮ ነበረው። ከጠዋት እስከ ማታ ዱቄት ለብሶ ነው የሚውለው። ቅንድቡ ነጭ፣ ጢሙ ነጭ! ገና በሠላሳ አራት ዓመቱ የሰፈሩ ሕፃናት «አባባ» እያሉ ይጠሩት ነበር።

ይህ ሰው አንድ ጸሎት ነበረው። አንድ ብቻ። የውብዳር የምትባል ልጅ ነበረች፣ የአቶ ቢሻው ልጅ። በየአሥራ አምስት ቀኑ እህል ልታስፈጭ ትመጣለች። «እንደምን ዋልክ» ትላለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይፈጫል። ትሄዳለች። አለቀ! ሰባት ዓመት ሙሉ የተነጋገሩት ይኸው ነው። ግን የእሷ ጤፍ ሲመጣ አንማውን ማየት ነበር። ድንጋዩን ያጠብቃል፤ ዱቄቱን በጣቶቹ መካከል እያሸ ይመረምራል፤ ካልላመለት መልሶ ይፈጨዋል። ሌላው ሰው ዱቄት ይዞ ይሄዳል፣ እሷ ኩል ይዛ ትሄዳለች።

ታዲያ ለምን አይናገርም? ትሉ ይሆናል። እንዴት ይናገር? እየጸለየ ነዋ!

«ጌታዬ ሆይ» ይላል፣ «ዕጣ ክፍሌ እሷ ከሆነች፣ ረቡዕ ዕለት ጤፍ ይዛ ትምጣ።» ረቡዕ ዕለት መጣች፣ ገብስ ይዛ። «እኔ ጤፍ ነው ያልኩህ» አለ አንማው። በሌላው ረቡዕ ደግሞ ጤፍ ይዛ መጣች። «ይሄማ በአጋጣሚ የጤፍ ዱቄት አልቆባት ይሆናል» አለ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ እግዚአብሔር ምን ያድርግ? ጤፉን አሸክሞ ላከለት፣ ሌላ ምን ያድርግ?

በመጨረሻ የንስሐ አባቱ መምሬ ልሳነወርቅ ታከታቸው። መምሬ ቁጡ ናቸው፤ ልባቸው ግን ቅቤ ነው። «ስማኝ አንማው» አሉት፣ «ሰባት ዓመት ሙሉ አንተ እግዚአብሔርን ትጠብቃለህ፣ እሱም አንተን እየጠበቀ ነው። እሱ መቼም አይደክመውም። እኔ ግን ደከመኝ!»

«እምቢ ቢሉኝስ፣ አባቴ?»

«እምቢ ቢሉህ እምቢ ተባልክ! እኔ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስንቱ እምቢ ብሎኝ ነው የዋልኩት? ይኸው ሞትኩ?»

አንማው ላብ በላብ ሆነ። ዱቄቱና ላቡ ተቦክቶ ፊቱ ላይ ሊጥ ሠራ። ግን ያን ቀን፣ ምእመናን፣ ያን ቀን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ «ይላክልኝ» አለ። አንዲት ቃል! ሰባት ዓመት የፈጀች አንዲት ቃል ናት።

ኅዳር ጽዮን ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ መምሬ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ወደ አቶ ቢሻው ቤት ሄዱ። ወጉን ለእናንተ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌዎቹ ይቆማሉ። «ተቀመጡ እንጂ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማማ አንቀመጥም» ይላሉ። አባትየው የመጡበትን ከትናንት ጀምሮ እያወቁ «በደኅና ነው?» ብለው ይደነግጣሉ። ከሰሙ በኋላ ደግሞ «ልጄ ገና ናት፤ ዘመድ ሳላማክር ቃል አይወጣኝም» ብለው ቀጠሮ ይሰጣሉ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አለ? እስቲ ካለ ንገሩኝ! ልጁን የሰለቻት አይመስልበትም?

አቶ ቢሻውም ያሉት ይህንኑ ነው። «ከገና በኋላ ተመለሱ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። አንማው ግን ይህን ሲሰማ ወፍጮውን አጥፍቶ ጆንያ ላይ ዘፍ አለ።

«እምቢ አሉኝ» አለ።

«ቀጠሮ ነው የሰጡህ!» አሉ መምሬ።

«ያው ነው አባቴ። በጨዋ ደንብ እምቢ ማለት ነው።»

«እምቢ ለማለትማ ቀጠሮ ምን ያስፈልጋል? አርፈህ ጸሎትህን አታቋርጥ።»

አሁን ልብ አድርጉልኝ። ይህ አንማው የሚባለው ሰው ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጓደኛው ልክ እንደዚህ ቀጠሮ ተሰጥቶት ሲብሰለሰል፣ ሆዱን ይዞ የሳቀበት ሰው ነው። «አንተ ሰው፣ ይሄ እኮ ወግ ነው! ምን ያብሰለስልሃል?» ብሎት ነበር። ያውም በሰው ፊት። ለጓደኛው ሲሆን ገብቶት ነበር፤ ለራሱ ሲሆን ጠፋው። ትስቃላችሁ? ለጎረቤት ለቅሶ ሄዳችሁ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ታገሡ» ብላችሁ ስታጽናኑ የማውቃችሁ ሰዎች አይደላችሁም እንዴ? የራሳችሁ ጉዳይ አንድ ሳምንት ሲዘገይ ግን ቤቴ ድረስ መጥታችሁ «አባታችን፣ እግዚአብሔር ረሳኝ» ትሉኛላችሁ። እኔ መቼም ስም አልጠራም።

እንቀጥል። ከዚያች እሑድ በኋላ የውብዳር ወፍጮ ቤት መምጣት አቆመች። ለምን? ያልገባው እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌ የተላከባት ልጅ መልሱ ሳይነገር ላኪው ፊት ትቆማለች እንዴ? ነውር ነው! አንማው ግን «ፊቴንም ማየት ጠላች» አለ። አሥራ አምስተኛው ቀን ሲደርስ በሩን በሩን ያያል። ሠላሳኛው ቀን ሲደርስ ምሳ መብላት ተወ።

ገና አለፈ። ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። አቶ ቢሻው «የእናቷ ወንድም ከመተከል አልደረሰም፤ ያለ እሱ ምን ብዬ እናገራለሁ? ጥምቀት በዋለ እሑድ ኑ» አሉ። ሁለተኛ ቀጠሮ!

አሁን አንማው እግዚአብሔርን አኮረፈ። አዎ፣ አኮረፈ። ድሮ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያልፍ ቆሞ፣ ተሳልሞ፣ ዳዊቱን ደግሞ ነበር የሚያልፈው። አሁን ግን ፈጽሞ እንዳይተወው ይፈራል፣ እንደ ልማዱ እንዳይሳለም ተቀይሟል። ምን አደረገ? ሳይቆም፣ እየተራመደ፣ በግማሽ ማማተብ ጀመረ። ግንባሩን ነክቶ፣ ደረቱን ነክቶ፣ ትከሻዎቹን ትቶ ያልፋል። «የቀረውን ሲመልሱልኝ እጨርሳለሁ» ማለቱ ነው መሰለኝ።

ይህ በሆነ በሦስተኛው ቀን የየውብዳር አክስት እትዬ ማንጠግቦሽ ሁለት አህያ እየነዱ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ደረሱ። ጭነቱ ብቅል ነው።

«ይህ ሁሉ ብቅል ለምንድን ነው እትዬ?»

«ለጠላ ነዋ! ብቅል ለምን ይሆናል?»

«ድግስ አለ እንዴ?»

«ሰርግ አለብን።»

«የ... የማን ሰርግ?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እንኳን ለእሱ፣ ለማንም መናገር አይችሉም። ቃሉ በሽማግሌ አፍ ሳይነገር አንዲት ነገር ብትሾልክ የቤቱ ክብር ተነካ ማለት ነው። «የሚሰማበት ቀን ሲደርስ ትሰማለህ። ይልቅ ፍጭ!» አሉት።

በቃ። አለቀለት። ለሌላ ሰው ሰጥተዋታል! ለማን ይሆን? ወዲያው አንድ ሰው በሐሳቡ ፈጠረ። ሞተር ሳይክል አለው። ጫማው ያብረቀርቃል። ቅንድቡ ላይ አንዲት ብናኝ ዱቄት የለችም። እንዲህ ያለ ሰው በከተማው ውስጥ የለም፤ ግን አንማው ሌት ተቀን ጠላው።

ብቅሉን ፈጨ። በሳምንቱ እትዬ ማንጠግቦሽ በርበሬ ይዘው መጡ። በርበሬውን ሲፈጭ እንባው ዱብ ዱብ ይል ጀመር። ወረፋ የያዙት ሴቶች «እንዴት ያለ ኃይለኛ በርበሬ ነው ባካችሁ!» ተባባሉ። በርበሬው እንኳን መጠነኛ ነበር። ሰውየው ነው ዐይኑ እያየ ፍቅሩን ለሰው የሚፈጨው።

በመጨረሻ ጤፉ መጣ። ሁለት ኩንታል ነጭ ጤፍ! ይህን ጊዜ ሰይጣን ከወፍጮው ጀርባ ብቅ አለ። «አላላው» አለው። «ድንጋዩን ትንሽ አላላው። ያ ባለ ሞተሩ በሰርጉ ቀን ጠጠር ይብላ።» አንማው ግራ ቀኝ አየ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለዚያች ቤት ሲያጠብቀው የኖረውን ድንጋይ አላላው። ጤፉ ከታች እንደ ጎርፍ አሸዋ እየተንሿሿ ወረደ። ከአንጀቱ ደስ አለው። ደስታዋ ግን እስከ ማታ አልቆየችም። ማታ ሲተኛ እፍረት ያዘው፤ ግን ማን አየኝ ብሎ ተሸፋፈነ።

ጥምቀት ዋለ። የሁለተኛው ቀጠሮ እሑድ ደረሰ። አንማው በጠዋት ወፍጮ ቤቱን ቆልፎ፣ ልብሱን በሻንጣ ሸክፎ ወደ መናኸሪያ ወረደ። እምቢታውን በጆሮዬ ከምሰማ ባሕር ዳር ሄጄ የቀን ሥራ እሠራለሁ ብሎ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ።

አውቶቡሱ ግን አልሞላም። አንድ ሰው ጎደለ። ታውቁታላችሁ መቼም፣ ያ አንድ ሰው ካልመጣ ሾፌሩ ንቅንቅ አይልም። «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ረዳቱ ይጮኻል። አንድ ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሰዓት ሆነ። አንማው ከስንት ጊዜ በኋላ ጸለየ። «ጌታዬ፣ ሌላውን ሁሉ ከለከልከኝ። እባክህ ይሄን አውቶቡስ እንኳ አስነሣልኝ!» እግዚአብሔር ይህንንም ከለከለው። ተመስገን በሉ እንጂ!

አራት ሰዓት ላይ መምሬ ልሳነወርቅ በአንድ እጃቸው ቀሚሳቸውን፣ በአንድ እጃቸው ጃንጥላቸውን ይዘው እያለከለኩ መጡ። ቅዳሴ እንዳለቀ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ አቶ ቢሻው ቤት ሄደው፣ መልሱን ሰምተው፣ ላኪውን ፍለጋ ወፍጮ ቤት ሄደው፣ ተቆልፎ አግኝተውት፣ ሻንጣ ይዞ ወደ መናኸሪያ መውረዱን ከጎረቤት ሰምተው ነው። አንማውን በመስኮቱ ሲያዩት ዘለው አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ።

«ሞላ! ሳበው!» አለ ረዳቱ።

ሾፌሩ ከጠዋት ጀምሮ ይህችን ቃል ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ተፈተለከ።

«ቁም! ኧረ ቁም! እኔ ተሳፋሪ አይደለሁም!» አሉ መምሬ።

«አባታችን፣ ይቀመጡ እንጂ» አለች አንዲት እናት፣ «ከጠዋት ጀምሮ እርስዎን አይደል እንዴ የምንጠብቀው!»

አውቶቡሱ የቆመው ከከተማው መውጫ ያለውን ድልድይ ተሻግሮ ነው። መምሬ አንማውን በጆሮው ይዘው ሲወርዱ፣ ተሳፋሪው «አሁን ደግሞ ሁለት ሰው ጎደለ!» ብሎ ተንጫጫ። ሁለቱ በእግራቸው ወደ ከተማ ተመለሱ። መምሬ ድልድዩ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«እሺ ብለዋል» አሉ።

አንማው አልሰማም። «ምን አሉ?»

«እሺ! እሺ አሉ! የተነገረን ዛሬ ነው፤ ቆርጠው የጨረሱት ግን በመጀመሪያው ቀን፣ እኛ ከደጃቸው ሳንርቅ ነው። ልጅቱ ራሷ እናቷን "እሱ ከሆነ እሺ በሉልኝ" ብላለች አሉ። ወጉ እስኪሞላ፣ አጎትየው እስኪመጣ፣ ድግሱ እስኪደርስ ነው እንጂ! ጠላው ተጠንስሷል፣ በርበሬው ተዘጋጅቷል፣ ጤፉም...»

አንማው ሻንጣውን ጣለ። «ብቅሉን... የፈጨሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ነህ።»

«በርበሬውንም እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ እንጂ፣ በከተማው ሌላ ባለ ወፍጮ አለ እንዴ? ምን ሆነህ ነው የነጣኸው?»

«አባቴ...» አለ አንማው፣ «ጤፉን አሻክሬዋለሁ።»

መምሬ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው የድልድዩን ብረት ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ይህንን ደግሞ አንተው ራስህ ሄደህ ትነግራቸዋለህ። እኔ ለዚህ ሽማግሌ አልሆንም» አሉት።

ነገራቸው? አልነገራቸውም! ጉልበት ሲስም እነግራለሁ አለ፣ ፈራ። ለሰርጉ ቀን አሳለፈው። የሰርጉ ቀን ደረሰ። እንግዳው እንጀራ ሲቆርስ አንማው ዐይኑን ጨፈነ። ማንም ምንም አላለም! «እንዴት ያለ ግሩም እንጀራ ነው» እየተባለ ተበላ። አንማው «እግዚአብሔር ተአምር ሠራልኝ» ብሎ ልቡ ዐረፈ።

በመልሱ ዕለት፣ ሙሽሮቹ ወደ አቶ ቢሻው ቤት ተጠርተው፣ ቤቱ በዘመድ ጢም ብሎ፣ አንማው ፊት ለብቻው አንድ ሳህን እንጀራ ቀረበ። አንድ ጊዜ ጎረሰ። ቀጭ አለ። ሁለተኛ ጎረሰ፣ ቀጭ! ከጎኑ ያሉት ሚዜዎች ለስላሳውን እንጀራ እያጣጣሙ ነው። ቀና ብሎ የውብዳርን አያት። እሷ ወጥ እያወጣች ነው፣ ምንም እንደማታውቅ።

ለካ ዱቄቱ ቤት የደረሰ ዕለት በጣቷ አሽታ አውቃዋለች። ሰባት ዓመት የሰውየውን ዱቄት ስትነካ የኖረች ልጅ እንዴት ይጠፋታል? አክስቷን «ቀንቷል! ለሌላ የተሰጠሁ መስሎታል!» ብላ ስትስቅ ዋለች። ዱቄቱን ከወንዙ ማዶ ወዳለች ከተማ ልካ እንደገና አስፈጨችው። ለእንግዳ የሚሆነውን ሁሉ አስላመችው። አንድ ቁና ብቻ እንደነበረ አስቀረች። ለእሱ።

አንማው ሁለት ምርጫ ነበረው። እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ጠጠሩን እያኘከ መጨረስ፣ ወይም መናገር። ቀስ ብሎ ተነሣ። ሞልቶ በተቀመጠው ዘመድ ፊት፣ አማቱ ፊት፣ «ጤፉን ያሻከርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ለሌላ ሰው የሰጣችኋት መስሎኝ ነው። ቀጠሮአችሁን አላመንኩም። የውብዳር፣ ከሰባት ዓመት በፊት ልነግርሽ የሚገባኝን አሁን ልንገርሽ፤ እወድሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

አቶ ቢሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የውብዳር መጣችና ሳህኑን ከፊቱ አነሣች። «ቀደም ብለህ መጥተህ ብትናገር ኖሮ፣ ይቺም አትቀርብልህም ነበር» አለችው። ከዚያ ከራሷ ሳህን ለስላሳውን ቆርሳ አጎረሰችው። ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወዴት ልታመልጡ ነው? በሩ ላይ ዲያቆናት አሉ።

ስንቶቻችሁ ናችሁ ቀጠሮ ተሰጥቷችሁ «እምቢ ተባልኩ» ብላችሁ የተቀመጣችሁ? አንቺ ልጅ ለማግኘት የምትለምኚው፣ አንተ ከወንድምህ ጋር ለመታረቅ የምትጸልየው፣ «ቆይ» ስትባሉ ለምን «አይሆንም» ትሰማላችሁ? ሁሉም ቀጠሮ በሰርግ ያልቃል አላልኳችሁም። እንዲህ ብዬ ብሸነግላችሁ እግዚአብሔር ይታዘበኛል። አንዳንዱን ይከለክለናል፤ ያን አውቶቡስ እንደከለከለው። ግን ያዘገየው አባት ነው። ስንቆጣ የሚሰማን፣ ስናኮርፍ የሚጠብቀን አባት ነው። በግማሽ ማማተባችንን እንኳ ቆጥሮ የሚይዝብን አይምሰላችሁ።

ጸልዩ። ግን ሰባት ዓመት ጸሎትን መደበቂያ አታድርጉት። ከወንድምህ ጋር የምታስታርቅህ ቃል ካንተ አፍ ካልወጣች እግዚአብሔር በአንተ አፍ ገብቶ ይናገርልሃል እንዴ? ሂድና ተናገር! እምቢ ቢሉህ እምቢ ተባልክ። ከተናገርክ በኋላ ደግሞ ታገሥ። መልሱ እስኪመጣ ሻንጣ አትሸክፍ።

አንድ ነገር ግን ልቤን ይነካኛል። አንማው የገዛ ሰርጉን ብቅል እየፈጨ ነበር ያዘነው። የገዛ ድግሱ በርበሬ ነው ያስለቀሰው። ዛሬ ትከሻችሁን ያጎበጠው ሥራ፣ የምትማረሩበት ያ ልፋት፣ ለምን እንደተሰጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም። አንማውም አያውቅም ነበር። ክፋቱ ግን ድግሱን አላበላሸውም፤ የራሱን ሳህን ብቻ ነው ያሻከረው። እሱንም ቢሆን እውነቱን በተናገረ ጊዜ አነሡለት።

አንተ ሰዓትህን ያየኸው ወንድሜ፣ ይኸው ጨረስኩ፤ አየህ፣ ታገሥክ አይደል? ሂዱ፣ ነገ ወደየሥራችሁ ስትገቡ የተሰጣችሁን አልማችሁ ፍጩ። ማን እንደሚበላው አታውቁምና።

አሜን።